ጭቃው ሳይደርቅ፦ የእንግሊዝ ስሊፕዌርና ሙያውን መልሰው ያነሱት ሸክላ ሠሪዎች

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን እንግሊዞች ስሊፕዌር የሚሉት፣ በስሊፕ ያጌጠ ቀይ ሸክላ ነው። ስሊፕ በውሃ ተበጥብጦ፣ በወንፊት ተጣርቶ እንዲፈስ የተደረገ ሸክላ አፈር ነው። ዕቃው ከቀይ ጭቃ ይሠራል፣ ነጭ ወይም ጥቁር ስሊፕ ይለብሳል፣ በላዩ በሌላ ቀለም ስሊፕ ይሣልበታል ወይም በስለት ይጫራል። በመጨረሻ ግሌዝ ተቀብቶ ይተኮሳል። ግሌዝ የምለው በእሳት ቀልጦ ዕቃውን የሚሸፍነውን የብርጭቆ ልባስ ነው። የእኛ ጀበናና ድስት ይህ ልባስ ስለሌላቸው ገና ከመጀመሪያው ልዩነቱን ብንይዘው ይጠቅማል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሊፕዌር የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ሥዕሉ ነው፦ ስለ ንጉሡ፣ ስለ አንበሳው፣ ስለ ዓሣ ጅራቷ ሴት። በእኔ አስተያየት ግን ሙያው ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። ጭቃው አሁን ምን ያህል ጠንቷል? ስሊፑ ገና ያብለጨልጫል ወይስ ደብዝዟል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በትክክለኛው ደቂቃ መልስ ያላገኘ ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል ሥዕል ቢያውቅ ዕቃው ይፈርስበታል ወይም ልባሱ ይላጥበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙያውን መልሰው ያነሱት ሰዎችም የቸገራቸው ይኸው ነበር። ሥዕሉ በየሙዚየሙ ተሰቅሏል፤ ሰዓቱን የሚያውቁት እጆች ግን ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን እንመለስ። ስሊፕዌር በእንግሊዝ የአንድ ቦታ ሥራ አልነበረም። በኬንት ግዛት ሮተም በምትባል መንደር ብዙ እጀታ ያላቸው የመጠጥ ጽዋዎች ይሠሩ ነበር፤ ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው መካከል የመጀመሪያው 1612፣ የመጨረሻው 1739 ነው። የሮተም ሠሪዎች ነጭ ጭቃ በትንሽ በትንሹ እየለጠፉ ማኅተም ይመቱበታል። በኤሴክስ ሃርሎ አካባቢ ደግሞ በቀይ ጭቃ ላይ በነጭ ስሊፕ «እግዚአብሔርን ፍራ» የመሰለ ምክር የተጻፈባቸው ጆጎችና ጽዋዎች ለለንደን ገበያ ይወጡ ነበር። በሰሜን ዴቨን፣ ባርንስተፕልና ቢደፈርድ ላይ፣ አሠራሩ ይለያል፦ ዕቃው በሙሉ ነጭ ስሊፕ ይለብስና ሥዕሉ በስለት ተጭሮ ከሥር ያለው ቀይ ጭቃ ይገለጣል። ይህ የዴቨን ሸክላ በመርከብ አትላንቲክን ተሻግሯል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በጄምስታውን ከተቆፈረው መሬት ስብርባሪው ወጥቷል።

ከሁሉም የገነነው ግን የስታፎርድሻየር ግዛት፣ በተለይ በውስጡ ያለችው በርስለም ነው። ስለዚህ ቦታ ብዙ የምናውቀው በ1686 ሮበርት ፕሎት የተባለ የኦክስፎርድ ምሁር ስለ ግዛቲቱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሸክላ ሠሪዎቹን ሥራ ከአፈር እስከ ምድጃ ስለመዘገበ ነው። ሦስት ዓይነት ስሊፕ ይቆጥራል። ብርቱካናማው ጥሬው ግራጫ ሆኖ ብርቱካናማ እብጠቶች ያሉበት ነው፤ ሲተኮስ ብርቱካናማ ይሆናል። ነጩ ጥሬው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ሲተኮስ ቢጫ ይወጣል። ቀዩ ደግሞ አዳፋ ቀይ አፈር ሆኖ ዕቃውን ጥቁር ያደርገዋል። እንግዲህ ሠሪው በእጁ የያዘው ቀለም አንዱም ቢሆን ደንበኛው የሚያየው ቀለም አይደለም። ግራጫውን ከሰማያዊው ለይቶ የሚሥለው ነገ የሚመጣውን ቀለም በልቡ ይዞ ነው።

ግሌዙ የእርሳስ ማዕድን ነበር። ጋሊና የሚባለው የእርሳስና የድኝ ድንጋይ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ዱቄቱ በዕቃው ላይ ይነሰነሳል። ፕሎት ምድጃውን 8 ጫማ ያህል ቁመት፣ 6 ጫማ ያህል ስፋት ያለው፣ ክብና ጫፉ ጉልላት የሆነ ብሎ ይገልጸዋል። እርሳስ የተነሰነሰባቸው ዕቃዎች እሳቱ በቀጥታ እንዳያገኛቸው በሸክላ ሽፋን ውስጥ ይገባሉ። መተኮሱ 24 ሰዓት፣ ማብረዱ 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የዚህ ዘመን ትልቁ ስም ቶማስ ቶፍት ነው፤ የሞተው በ1689 ነው። ትልልቅ ሳህኖቹ፣ አንዳንዶቹ ከ50 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ፣ ለመብያ ሳይሆን ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። ዳግማዊ ቻርልስ በ1651 ከዉስተር ጦርነት ሸሽቶ የተደበቀበት የኦክ ዛፍ፣ ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግብ ፔሊካን፣ አዳምና ሔዋን ይገኙባቸዋል። ጠርዛቸው እንደ አጥር በተጠላለፈ መስመር ይከበባል፣ በጠርዙ ግርጌ ስሙ በትልልቅ ፊደል ይቀመጣል። አሠራሩን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ነጭ ስሊፕ፣ ቀጥሎ በጥቁር ቡናማ የተሣለ መስመር፣ የመስመሩ ውስጥ በብርቱካናማ ይሞላል፣ በመጨረሻ በጥቁሩ መስመር ላይ ነጭ ነጠብጣብ በተርታ ይወርዳል። ነጠብጣቡ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። የሚንቀጠቀጥን መስመር ይደብቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1760ዎቹ ጆሳያ ዌጅዉድ ያሻሻለው ክሬም መልክ ያለው ስስ የገበታ ዕቃ ገበያውን ወሰደ። ስሊፕዌር ወደ ገጠር ወረደ፦ የወተት ገበቴ፣ የፓይ መጋገሪያ፣ ሲደር የሚባለው የፖም መጠጥ ማሰሮ ሆነ። ቆርቆሮና የፋብሪካ ዕቃ በባቡር ገጠር ሲደርስ ደግሞ የገጠሩ ምድጃዎችም አንድ በአንድ ጠፉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

መነሣቱ የተጀመረው፣ ይገርማችኋል፣ ቶኪዮ ውስጥ ነው። በርናርድ ሊች በ1887 ሆንግ ኮንግ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በ1909 ወደ ጃፓን ሄዶ ሸክላን እዚያው ተማረ። እሱና ጓደኛው ቶሚሞቶ ኬንኪቺ የቶፍትን ሳህኖች ያወቁት ከለንደን በመጣ መጽሐፍ ላይ በታተመ ፎቶግራፍ ነው። በ1920 ሊች ከጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ከሃማዳ ሾጂ ጋር ኮርንዎል ውስጥ ሴንት አይቭስ ላይ የሸክላ ሥራ ቤት ከፈተ። በ1920ዎቹ ያወጣቸው በጋሊና የተለበዱ ትልልቅ ሳህኖች የቶፍትን አጥርና ፊደል ይዘው በመካከላቸው የእሱን ሥዕል ያስቀመጡ ናቸው። በጃፓንም ነገሩ አልተረሳም፤ በ1936 ቶኪዮ ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም የእንግሊዝን ስሊፕዌር ከስብስቡ አኑሯል።

ግን ፎቶግራፍ እርጥበት አያሳይም። እጅን ከእጅ ያገናኘው ማይክል ካርዲው ነው፤ ከ1901 እስከ 1983 የኖረ። ቤተሰቡ በዴቨን ፍሬሚንግተን የኤድዊን ቢር ፊሽሊን ማሰሮዎች ይገዛ ነበር። ፊሽሊ በ1912 ቢሞትም የልጅ ልጁ ዊልያም ፊሽሊ ሆላንድ በብራንተን ይሠራ ስለነበር ካርዲው በመዘውር፣ ማለትም በሚሽከረከረው የሸክላ መሥሪያ፣ መሥራትን የተማረው ከእሱ ነው። በ1923 ሴንት አይቭስ ገብቶ ከሊች ጋር ሠራ። በ1926 ግሎስተርሻየር ውስጥ በዊንችኮም አጠገብ ከጦርነቱ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ የቆየውን የግሪት ሸክላ ቤት ተከራየ። እዚያ ያገኘው ትልቅ ሀብት የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ምድጃ ብቻ አልነበረም። በድሮው ባለቤት ዘመን በመዘውሩ ላይ የሠራ ኤላይጃ ኮምፈርት የሚባል ሽማግሌ ነበረና መልሶ ቀጠረው። ሲድኒ ተስቲን በልጅነቱ ገባ፣ በ1936 ሬይመንድ ፊንች ተጨመረ። የሊች ሳህን ለግድግዳ ነበር፤ የካርዲው ጆግና ቧንቧ የሚገጠምለት የሲደር ማሰሮ ለወጥ ቤት ነበር። እኔ ሁለቱን ከማስተያየት አልቆጠብም፦ ሙያውን ያነሳው የካርዲው መንገድ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ያልሠራ እጅ ሰዓቱን አይለምድም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ነጭ ስሊፕ ዋና አፈሩ ቦል ክሌይ ነው፤ ዴቨንና ዶርሴት የሚቆፈር፣ ብርቱ ማጣበቅ ያለው፣ ሲተኮስ ነጣ የሚል አፈር። አንዱ የተለመደ ድብልቅ ቦል ክሌይና ካኦሊን የሚባለው ንጹሕ ነጭ ሸክላ አፈር እኩል ለእኩል ነው። ሌላው ቦል ክሌይ 70፣ ካኦሊን 20፣ የባልጩት ዱቄት 10 ነው። ለጥቁሩ ዕቃው ከተሠራበት ደረቅ ቀይ አፈር 100 ተወስዶ ከ6 እስከ 8 ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና ጥቂት የብረት ኦክሳይድ ይጨመርበታል። ለአረንጓዴ በነጩ ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ የመዳብ ኦክሳይድ ይገባል። ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አታፍስሱ፤ ይጓጉላል፣ አቧራውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። የማንጋኒዝ አቧራ በተለይ መርዝ ነው። ሳይነካ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ በአንድ ኢንች 80 ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይጣራ። በቀጭን አፍ ለሚሣልበት ስሊፕ 100 ቀዳዳ ያለው ይሻላል፤ አንዲት አሸዋ አፉን ከደፈነች መስመሩ ይቋረጣል።

ውፍረቱን መለካት ያስፈልጋል። ለማልበሻ የሚሆን ስሊፕ አንድ ሊትሩ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ሚዛን ከሌለ ጣት ይነከራል፤ ስሊፑ ጣቱን በሙሉ ሸፍኖ የጥፍሩ ጠርዝ ብቻ ከታየ ልክ ነው። ለመሣያ የሚሆነው ወፈር ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ አፈር በመጨመር ያወፍረዋል። ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ይበቃል፤ ውሃው ሳይቀነስ ስሊፑን ያጠናዋል፣ መስመሩም ባለበት ይቆማል።

ጆግ ሲለብስ ጭቃው እንደ ቆዳ መጥናት አለበት፦ ሲነሳ ቅርጹን የሚጠብቅ፣ በጥፍር ሲጫን ግን ምልክት የሚቀበል። ስሊፑ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ ጆጉ ይዟዟራል፣ ወዲያው ይገለበጣል፤ ሁሉም በጥቂት ሰከንድ። የውጩ ለነገ ይቆይ። ውስጥና ውጭን በአንድ ቀን ያለበሰ ሰው ግድግዳው ከሁለት ወገን ውሃ ጠጥቶ ሲቀመጥ ያየዋል፣ ወይም እጀታው ከላይኛው መጋጠሚያ ይወርድበታል። ስሊፕ ውሃ ነው፤ ትላንት ያደረቃችሁትን ዛሬ ትመልሱታላችሁ።

ጭቃው ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ስሊፑ ከእሱ ይልቅ ብዙ ይሰበሰብና እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ ይላጣል። መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ማልበስ ወይም ከቦል ክሌዩ ቀንሶ ካኦሊን መጨመር ነው። ይህን ከተተኮሰ በኋላ ከጠርዝና ከእጀታ እየፈለቀ ከሚወድቀው ጋር አታምታቱት። ያኛው ከምድጃው ሲበርድ ስሊፑ ከዕቃው ያነሰ ስለተሰበሰበና ስለተጨነቀ ነው፤ ለዚያ ባልጩት ይጨመራል። ሁለቱም መላጥ ነው፣ መንስኤያቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሰጠ ያባብሳል።

የፓይ ሳህን ግን በመዘውር አይሠራም። ጭቃው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጣል፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እያለ ስሊፕ ይፈስስበታል። አሁን ጊዜው ይሮጣል። ስሊፑ ገና ሲያብለጨልጭ በጥቁር ስሊፕ ትይዩ መስመሮች ይሣላሉ። የድሮዎቹ ለዚህ የዝይ ላባ ዘንግ የተገጠመላት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነበረቻቸው፤ የዛሬዎቹ የጎማ ኳስ ይጠቀማሉ። ኳሱ በየመካከሉ አየር እንዳይስብ ሞልቶ ይያዝ፤ አየር የገባበት ይተፋል፣ አንዱ ጠብታም ሳህኑን በሙሉ ያበላሸዋል። እርጥብ ላይ የወረደ መስመር ሰምጦ ከመሬቱ ጋር ይተካከላል። ያን ጊዜ የላባ ጫፍ መስመሮቹን አቋርጦ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲጎተት የታወቀው የላባ ጌጥ ይወጣል። ላባው ስሊፑን ብቻ ይነካል፤ ጭቃውን ከቧጨረ ቀይ ጠባሳ ይቀራል። ሳንቃው መሬት ላይ ጠበቅ ተደርጎ ከተመታ ደግሞ መስመሮቹ ይበልጥ ይዋሐዳሉ። ብልጭታው ከጠፋ ግን ላባውን አስቀምጡት፤ መስመሩ ከእንግዲህ አይታጠፍም፣ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚሣል መስመር ከፍ ብሎ፣ በጣት ሲዳሰስ እየተሰማ ይቀራል። ቶፍት የፈለገው ይህንኛውን ነበር።

ጌጡ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ጭቃው ይነሣና የተሣለው ፊት ወደ ታች ሆኖ በጎበጠ የሸክላ ወይም የጀሶ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይዘረጋል፣ በእርጥብ ስፖንጅ ቀስ እየተባለ ይጫናል። ጠርዙ ተቆርጦ በየመሃሉ ይነቀሳል። ጠፍጣፋ ላይ የተሣለ ቀጥ ያለ መስመር ሳህን ሲሆን ትንሽ ይጎብጣል፤ የላባ ጌጥ ሕይወት ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። በጠነከረ ሳህን ውስጥ በተሣለ ቅጂ ላይ ይህን አታገኙትም።

ለመጫር ስለት የሚነሣው ስሊፑ ጠንቶ ገና ሳይነጣ ነው። በጊዜ የጀመረ ስለቱ ጭቃ እየጎተተ ይሄዳል፣ የዘገየ ጠርዙ ይፈረፈራል። ከመስመሩ ዳር የሚቆመውን ፍርፋሪ በእርጥቡ አትንኩት፤ ዕቃው ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይወገዳል፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ።

አሁን የቀረው ከባዱ ነገር፣ እርሳሱ ነው። የስሊፕዌር ሞቅ ያለ ማር መልክ የመጣው ከእርሳስ ግሌዝ ነው፤ ከጭቃው ብረት ትንሽ ያሟሟል፣ ነጩን ስሊፕ ቅቤ ያስመስለዋል። ግን የጥሬ እርሳስ አቧራ ሠሪውን ይመርዛል፣ በደንብ ያልቀለጠ ግሌዝም በኮምጣጤና በፍራፍሬ ጭማቂ እየሟሟ ምግብ ውስጥ ይገባል። በ1940ዎቹ መገባደጃ የብሪታንያ ሕግ በሸክላ ፋብሪካዎች ጥሬ እርሳስን ከለከለ። ከዚያ የቀረው አስቀድሞ ከባልጩት ጋር ቀልጦ የተፈጨው ፍሪት የሚባለው ነበር። እሱም ቢሆን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ መዳብ ነው፦ በእርሳስ ግሌዝ ሥር አረንጓዴ ስሊፕ ከገባ እርሳሱ በብዛት ይለቃል፤ ለምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም። ሌላው ጭስ ነው፤ ምድጃው አየር ሲያጣ ግሌዙ ይጠቁራል፣ ይፈነዳዳል። በእንጨት የሚተኩስ ሰው እሳቱን እስከ መጨረሻው ንጹሕ አድርጎ መያዝ አለበት።

ብዙዎቹ በዚህ ምክንያትና በሌላም ተዉት። ዝቅ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል፣ ጠርዙ ቶሎ ይቆረሳል፤ ሊች ራሱ ወደ ስቶንዌር ዞረ፤ ከ1,200 ዲግሪ በላይ የሚተኮሰው፣ ውሃ የማያስገባው ማለት ነው። ካርዲው በ1942 ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና፣ በኋላም ወደ ናይጄሪያ ሄደ። በ1946 ዊንችኮምን የገዛው ፊንችም በ1960ዎቹ ስሊፕዌርን አቆመ። ሁለተኛው መነሣት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ክላይቭ ቦወን ከ1971 ጀምሮ ሰሜን ዴቨን ሼቤር ላይ የፍሬሚንግተንን ቀይ ጭቃ በእንጨት ምድጃ እየተኮሰ፣ ሜሪ ዎንድራውሽ ደግሞ ሰሪ በሚባለው የእንግሊዝ ግዛት ውስጥ ለልደትና ለሠርግ ስም የሚጻፍባቸውን ሳህኖች እየመለሰች። የቦወን መስመር ከቶፍት ይልቅ ፈጣን ነው፤ ጣቱን በእርጥብ ስሊፕ ላይ አንዴ ይስባል፣ አይመለስበትም።

ዛሬ አብዛኛው ሠሪ እርሳስ የሌለበት የቦሮን ፍሪት ይዟል። ችግሩ የታወቀ ነው፦ በቀይ ጭቃ ላይ ሰማያዊ ወተት መሳይ ደመና ያመጣል፣ ነጩም ቀዝቃዛ ይሆናል። ከ2 እስከ 4 በመቶ ቀይ የብረት ኦክሳይድ ወይም ጥቂት የዕቃው ቀይ አፈር በግሌዙ ላይ ሲጨመር ደመናው ወደ ማር ይዞራል። ከ1,060 እስከ 1,080 ዲግሪ ይበቃዋል። ባልተተኮሰ ዕቃ ላይ የሚቀባ ከሆነ በግሌዙ ውስጥ በቂ ሸክላ አፈር ይኑር፤ ከዕቃው ጋር አብሮ ካልተሰበሰበ ሳይተኮስ ይረግፋል።

ከመጨረሴ በፊት ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ በቤት ያለ ስሊፕዌር ምግብ ይበስልበታል ወይ? እርሳስ የሌለበት ዘመናዊ የፓይ ሳህን ገና ካልሞቀ ኦቭን ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሙቅ፤ በጋለው ውስጥ አይግባ፣ ከጋዝ ነበልባል ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከጥንታዊ ዕቃ መሸጫ የተገዛው አሮጌው ግን መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ከጠረጴዛ ከወረደም ዳቦ ብቻ ይያዝ፤ ሎሚና ኮምጣጤ የነካው ነገር አይቀመጥበት።